ለአባቴ ያስተማርኳቸው ተቃራኒዎች

አባቴ ሾፌር ነበር። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሰው የሚያውቀው ከአንድ አሮጌ አይሱዙ ጋር ነው። ከቴፒ ዙሪያ ከነገለባው የደረቀ ቡና እየጫነ ወደ ጅማ ያመላልስ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ የበልጉ ዝናብ ሊጀምር ሲል፣ የመኪናው ባለቤት ሸጠውና አባቴ ሥራ ፈታ። እናቴ በምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ በረንዳ ላይ ይቀመጥና የሚያልፉትን መኪኖች ሳያያቸው በሞተር ድምፃቸው ይለያቸዋል። ማን ማርሽ አጉል እንደቀየረ ለራሱ ይናገራል። መኪና የሌለው ሾፌር ቤት ሲውል ቤቱ ይጠባል።

ወደ ቆላው፣ ድንበር አጠገብ ወዳለው የስደተኞች መጠለያ የሚመላለስ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር እንደሚፈልግ የነገረው የድርጅቱ ቢሮ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ከሱቃችን ሲጋራ የሚገዛ ሽማግሌ ነበር። ያን ቀን ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛው፣ ፈረንጆቹ ሾፌሩ ትንሽ ትንሽ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ ይፈልጋሉ የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ቀድሞው ሾፌር ነው። አንድ ጠዋት መጥቶ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ማንንም ሳያናግር ወጥቶ ሄደ አለ። እናቴ ለምን እንደሄደ ጠየቀችው።

“እኔ ምን አውቄ” አለ ዘበኛው። “ፊቱ ብቻ የሰው ፊት አልነበረም።”

አባቴ የሰማው የመጀመሪያውን ነገር ነው። እናቴ የሰማችው ሁለተኛውን።

በዚያ ዓመት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ከሰሜን የመጣ ረጅም ወጣት ነበር። የክፍላችን ሬዲዮ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፤ ስለዚህ የሬዲዮውን ትምህርት ራሱ በጩኸት ያካክሰው ነበር። ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል። በመስኮት በኩል ያለነው ቃሉን እንጠራለን፤ በግድግዳ በኩል ያሉት ተቃራኒውን ይመልሳሉ። “ቢግ” ስንል “ስሞል” ይላሉ። ከዚያ ሁላችንም ባንድ ላይ፣ “ትልቅ፣ ትንሽ”። “ሆት” ስንል “ኮልድ”፤ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኛም እንበረታለን፤ እሱም በእጁ ምት እየሰጠ በዴስኮቹ መሃል ይመላለሳል። ድምፃችን እስከ አውራ ጎዳናው ይሰማል።

አባቴ የሰማው ከመንገድ ላይ ሆኖ ነው። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ያንን ጩኸት አስተምሪኝ አለኝ። ባንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል ይገኛል፤ ለእኔ ለቸኮልኩት የሚሆነኝ እሱ ነው አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሲሆን፣ እሱ ተማሪ እኔ አስተማሪ ሆንን። “ቲቸር” ይለኝ ነበር፤ እንደ ቀልድ ጀምሮት አልተወውም። የብስኩት ካርቶን ቀድጄ ቃላቱን በአማርኛ ፊደል ጻፍኩለትና ከሱቁ መደርደሪያ ጎን ግድግዳው ላይ በምስማር መታው። ኦፕን – ክሎዝ፣ ክፍት – ዝግ። ፉል – ኤምፕቲ፣ ሙሉ – ባዶ። ኒር – ፋር፣ ቅርብ – ሩቅ። አፕ – ዳውን፣ ላይ – ታች። ኧርሊ – ሌት፣ ቀድሞ – ዘግይቶ። ሴፍ – ዴንጀረስ። ሴፍን አስተማሪያችን “ደህና፣ አደጋ የሌለበት” ብሎ ነበር የተረጎመልን፤ ዴንጀረስን “አደገኛ”።

አባቴ እንደ ውዳሴ ማርያም ሸመደደው። ሳሙና ሲያወርድ ይላል፣ ከጫማው ላይ ጭቃ ሲፍቅ ይላል። ያስቸገሩት ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ። ላይት ከዳርክ ጋር ሲሆን ብርሃን ነው፤ ከሄቪ ጋር ሲሆን ደግሞ ቀላል። ራይት አንዴ ቀኝ ይሆንና ተቃራኒው ግራ ነው፤ አንዴ ደግሞ ልክ ይሆንና ተቃራኒው ስህተት። ለሾፌር ይህ ከባድ ነገር ነው። “አንድ ቃል እንዴት ሁለት ጠላት ይኖረዋል?” አለኝ። አስተማሪያችንን ጠይቄ እመጣለሁ አልኩት። አስተማሪያችንም የእንግሊዝኛ ጸባይ ነው አለኝ።

እናቴ እንዲህ ተቀምጠን ስንጮህ ዕቃ እያስተካከለች ትሰማ ነበር። አንድ ቀን ዴንጀረስ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሳሙና ካርቶኖቹን አንስታ ከዚያኛው መስመር ፊት ደርድራቸዋለች። የታችኛው፣ የዴንጀረስ መስመር አይታይም። አባቴ አይቶ ሳቀ፤ ግን አላነሳቸውም።

በዚያን ሰሞን እናቴ የምትቀርባት አንዲት የቤንች ሴት ነበረች። ገበያ ወጥታ ጎደሬና ኮረሪማ ሸጣ ስትመለስ እኛ በረንዳ ላይ ታርፋለች፤ ዘንቢሏን የምታሳድረው እኛ ቤት ነው። የእኛን ጩኸት ስትሰማ ትስቅና የየቃሉን ቤንችኛ ትነግረን ነበር። አንድ የገበያ ቀን ግን መጥታ ተቀመጠችና አልሳቀችም። ወንድሟ ከታች፣ ከቆላው መውረጃ ሰፈሮች መጥቶ ነበር።

“መንገድ ላይ ሰው የለም አለ” አለች። “ከብትም የለም። ማር ይዘው የሚወጡ ሰዎችም ቀሩ። ሰው የጠላው መንገድ ጥሩ አይደለም።”

እናቴ ወደ አባቴ ዞር አለች። አባቴ ዝናቡን ያያል።

ፈተናውን የሰጠችው የድርጅቱ ነርስ ናት፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀጭን፣ ስትራመድ የምትፈጥን ፈረንጅ። መጀመሪያ መኪና አስነድታዋለች፣ በዚያ ምንም ስህተት አላገኘችበትም። ከዚያ ቢሮ አስገብታ አንድ ባዶ ብርጭቆ አነሳችና ምንድነው አለችው። “ፉል ኤምፕቲ” አለ። በሩን ከፈተች፤ “ኦፕን ክሎዝ” አለ። የድርጅቱ አስተርጓሚ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። ነርሷ ግን ቆይታ ገባት፤ በጣትህ አሳየኝ አለችው። አባቴ እንደገና “ፉል ኤምፕቲ” አለና “ኤምፕቲ” ላይ ሲደርስ ባዶውን ብርጭቆ በጣቱ መታ መታ አደረገ። ቀጠረችው። ማታ ይህን ሲተርክልን ራሱ ብርጭቆ ይዞ ነበር፤ እናቴም እንኳን ሳቀች።

እኔ ግን አንዱን ብቻ መጥራት እንዲለምድ ፈለግኩ። ባዶውን ኤምፕቲ በለው፣ ፉሉን ተወው፣ እያልኩ ብዙ ሞከርኩ።

“አንዱን ብቻ ስፈልገው ሁለቱም ይጠፉብኛል” አለኝ። “ከመጀመሪያው ካልተነሳሁ አይመጣልኝም። ምን ቸገረሽ፣ እሷ እጄን ታያለች።”

እውነትም ታይ ነበር። ነርሷ አልፎ አልፎ ለስላሳ ልትጠጣ ሱቃችን ትመጣለች፤ አባቴ “ኒር ፋር” ሲላት ዓይኗ ወዲያው ወደ እጁ ይሄዳል። መዳፉ ከተዘረጋ ሩቅ ነው፤ ወደ ደረቱ ከተመለሰ ቅርብ። “አፕ ዳውን” ካለም ጣቱ ወዴት እንዳመለከተ ታያለች። የሁለቱ ቋንቋ ይህ ነበር፤ ተግባብተውበታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሰላም አለፉ። ማክሰኞ ይወርዳል፣ ዓርብ ይመለሳል። ነጩ ላንድክሩዘር እስከ ጣሪያው ቀይ አፈር ለብሶ ሲመጣ እኔና ታናሽ እህቴ በጣታችን እንጽፍበታለን። ቀስ በቀስ ግን አባቴ ላይ ለውጥ አየሁ። ድሮ ወደ ቤት ሲገባ ያፏጭ ነበር፤ ተወ። መኪናውን ሲያቆም ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ማቆም ጀመረ። ሰኞ ከሰዓት ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይነካካል፤ ነካክቶ ይጨርስና እንደገና ይጀምራል። ምን አየህ ስትለው እናቴ፣ ምንም አላየሁም ይላል። ችግሩም እሱ ነው፣ ምንም አላይም፤ ልጆች እንኳ ወደ መንገድ ወጥተው አያጨበጭቡም አለ አንድ ቀን፣ ሳይጠየቅ።

ከዚያ አንድ ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና በሌላ መኪና እየተጎተተ ከቆላው መጣ። ጋቢናው በሸራ ተሸፍኗል፤ ሸራውም በገመድ ታስሯል። ልጆች ሁሌም እንደምናደርገው ልንከተል ሮጥን። የሚጎትተው ሾፌር ግን መስኮቱን ዘግቶ ወደ ፊት ብቻ ያያል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሂዱ ብሎ ይቆጣን ነበር። ይህ ዝምታው አስፈራንና ቆምን። አባቴ በረንዳው ላይ ተነስቶ ቆሞ ነበር። መኪናው እስኪያልፍ ድረስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አየው፤ ከዚያ ገብቶ ተኛ። ሰኞ ቀን ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ስንቁን ቋጥራ በር ላይ ቆመች። አሞኛል በል፣ አንድ ሳምንት ብቻ ቅርልን አለችው። ልመናዋ ለእኔ አዲስ ነበር፤ እናቴ ሰው ስትለምን አይቼ አላውቅም።

“ሥራ ነው እኮ” አላት። “እኔ ብቀር ሌላ ሰው ይወርዳል። በሽተኞቹ መድኃኒት ይጠብቃሉ።”

እኔን ሲያየኝ ደግሞ ቲቸር ደህና ዋዪ ብሎኝ ሄደ።

ዓርብ አልመጣም። ዝናብ መንገዱን ዘግቶት ይሆናል አሉ ጎረቤቶች፤ ብዙ ጊዜም ይዘጋዋል። እናቴ ሱቋን አልዘጋችም። ሰው ስኳር ሲጠይቃት ጨው ታቀርባለች። ወደ አመሻሹ ዘበኛው መጣ። ሲጋራ አልጠየቀም። በረንዳው ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀና “ደህና ነው” አለ። ይህን ሲል እናቴ ያስቀመጠችው ሚዛን ላይ ዓይኑን ተክሎ ነው።

“ማን ነው ደህና?” አለችው። “መኪናው ነው ሰውየው?”

“ሰውየው። ፈረንጇ ናት የተመታችው።”

አባቴ በማግስቱ በሌላ ድርጅት መኪና መጣ። የለበሰው ሸሚዝ የእሱ አልነበረም፤ ሰፊ፣ አንገቱ የማይቆለፍ ሸሚዝ። እጁን ደጋግሞ ታጠበ። እናቴ ውኃ ታፈስለታለች፣ እሱ ይታጠባል፤ ይበቃል አላላትም፣ እሷም አላቆመችም። ሰው እንኳን አተረፈህ ሊለው ይመጣል፤ አባቴ አሜን ይላል እንጂ የሆነውን አይተርክም። ለእኛ የነገረን ከብዙ ቀን በኋላ ነው፤ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ዛሬ ጥቂት፣ ሌላ ቀን ጥቂት እያለ።

አስተርጓሚው ወባ ይዞት ቀርቶ ነበር። መኪናው ውስጥ ያሉት እሱና ነርሷ ብቻ ናቸው። ቁልቁለቱን ጨርሰው ሜዳው ሲጀምር፣ መንገዱ ደረቅ የወንዝ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ መኪና የግድ ቀስ ይላል። አባቴ ከሩቅ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ አየ። ንፋስ የጣለው መስሎት ነበር። ሲቀርብ ግን ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ የተቆረጠበትም ቦታ ነጭ፣ ገና ያልደረቀ። ገባው። ነርሷ በዚያች ቅጽበት ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች፤ ራሷ ከመስኮቱ በታች ነው። አባቴ በሁለት እጁ መሪውን ጠምዝዞ ቅርንጫፉን በዳር ሊያልፈው ሲታገል፣ ራስሽን እንዳታነሺ፣ እንደ ጎነበስሽ ቅሪ ሊላት ፈለገ። አፉ ላይ የመጣለት ግን ያው የለመደው ነው።

“አፕ ዳውን” ብሎ ጮኸ።

እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ። የምታየው ጣት አልነበረም። ነርሷ ራሷን ቀና አደረገች፤ የመጀመሪያው ጥይት በመስኮቱ ገብቶ ትከሻዋን መታት። ከዚያ በኋላ ስንት ጥይት እንደተተኮሰ አያውቅም። መኪናውን ሳያቆም፣ ባንድ እጁ እየነዳ በሌላው ሸሚዙን ቁስሏ ላይ ተጭኖ፣ መጠለያው ጤና ጣቢያ አደረሳት። ከዚያ በአውሮፕላን ወሰዷት። ማን እንደተኮሰ፣ ለምን እንደተኮሰም ያኔ አልታወቀም፤ ኋላም አልታወቀም።

ይህንን የመጨረሻውን ክፍል ሲነግረን እኔን አላየኝም። ሲጨርስ ግን ወደ እኔ ዞረ።

“አንቺ በደንብ ነው ያስተማርሽኝ” አለ። “ቃሉ ልክ ነው። በአማርኛ መጮህ ነበረብኝ። በአማርኛ ብጮህ ድንጋጤዬ ይገባት ነበር።”

ገና አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ወጥቼ ጓሮ እንሰቱ ሥር ቆምኩና ዝናቡ እስኪያርሰኝ ድረስ አልገባሁም። ስገባ እናቴ ካርቶኑን ከግድግዳው አውርዳ ምድጃ ውስጥ ከታዋለች። የምስማሮቹ ቀዳዳ ብቻ ቀረ።

አባቴ ወደ ቢሮው አልተመለሰም። ቁልፉን የወሰደለት ዘበኛው ነው። በረንዳው ላይ መቀመጥ ጀመረ፤ ግን እንደ ድሮው መኪኖቹን በድምፃቸው አይለይም። እኔ የቤት ሥራዬን ጮክ ብዬ ሳነብ ተነስቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ማዕድ ቤት ገብቼ በሹክሹክታ ማጥናት ለመድኩ። ትምህርት ቤት ግን ያው ነው። በመስኮት በኩል ያለነው እንጠራለን፣ በግድግዳ በኩል ያሉት ይመልሳሉ። “አፕ” የሚለው ሲደርስ አፌን እከፍታለሁ፣ ድምፅ አላወጣም። አስተማሪያችን በእጁ ምት እየሰጠ አጠገቤ ሲያልፍ አላወቀብኝም።

ነርሷ የመጣችው ክረምቱ አልፎ፣ የቡና ለቀማው ተጀምሮ ሳለ ነው። አገሯ ልትገባ ስንብት ላይ ነበረች። ቀኝ ክንዷን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፤ ጣቶቿ አይንቀሳቀሱም። አስተርጓሚውን ይዛ በረንዳችን ላይ ተቀመጠች። አባቴ ወንበር አመጣላትና እሱ ቆሞ ቀረ፤ ተቀመጥ ብትለውም አልተቀመጠም። እናቴ ለስላሳ ከፈተችላት። በግራ እጇ ስትጠጣ ጠርሙሱ ከጥርሷ ጋር ይጋጭ ነበር።

ሕይወቷን ስላተረፈ ልታመሰግነው መምጣቷን በአስተርጓሚው በኩል ተናገረች። አባቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ የሚጠይቀው እንዳለ ለአስተርጓሚው ነገረው፤ ያን ዕለት ምን ብዬ እንደጮህኩ ሰምታ ነበር ወይ በልልኝ አለው። አስተርጓሚው ጠየቃት። ነርሷ አባቴን ረጅም ጊዜ አየችው።

“ምንም አልሰማሁም” አለች፤ አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው። “ሞተሩ ይጮህ ነበር። ቀና ያልኩት መኪናው ስለዞረ ነው።”

አባቴ እግዜር ይስጥልኝ አላት። እስከ መኪናዋ ሸኛት፣ በሩን ከፍቶ አስገባት፣ በቀስታ ዘጋላት። መኪናው ታጥፎ እስኪጠፋ ቆሞ አየ። ሲመለስ እናቴ ሰማህ አይደል፣ አልሰማሁም አለች እኮ አለችው።

“ለእኔ ብላ ነው” አላት። ከዚያ ወዲህ ያ ጉዳይ በቤታችን አልተነሳም።

እውነቱን ዛሬም አላውቅም። አንዳንዴ እሷ ልክ ናት እላለሁ፣ የላንድክሩዘር ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ሲያቃስት ሰው አያሰማም። አንዳንዴ ደግሞ መልስ ከመስጠቷ በፊት የቆየችበት ያ ዝምታ ትዝ ይለኛል።

በዚያው በቡናው ወቅት ድርጅቱ አዲስ ሾፌር ቀጠረ። ከጅማ የመጣ፣ ሚስቱ ጨቅላ ልጅ ያዘለች። ቤት የተከራዩት ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን ከሱቃችን ሳሙናና ክብሪት ልትገዛ መጣች፤ ገና ሰው ስላላወቀች መጫወት ትፈልጋለች። ባለቤቷ ሥራ በማግኘቱ ደስ ብሏታል። ማክሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ይወርዳል አለች። መንገዱ እንዴት ነው ብላም እናቴን ጠየቀቻት።

አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። እናቴ ቀና ብላ አየችው፤ እሱ መንገዱን ያያል፣ አልዞረም። እናቴ ሳሙናውን በጋዜጣ ጠቅልላ ስታበቃ ቶሎ አልሰጠቻትም፣ እጇ ላይ ያዘችው።

“የኔ ልጅ፣ ባትልኪው ይሻልሻል” አለቻት። “ሌላ ሥራ ይፈልግ። ቡና ይጫን፣ እንጨት ይጫን።”

ሴትየዋ ሳቅ ልትል ሞከረች። ከእናቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ አየች። ልጁን ጀርባዋ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለችና ሥራ ነው እኮ እትዬ አለች።

ሳሙናዋን ተቀብላ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሱቃችን አልመጣችም። ከማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር ካለው ሱቅ ስትገዛ ነበር የማያት፤ በእኛ በኩል ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍነዋለች።